ዛፍ ገዝቶ አለመቁረጥ

«ሰሜን ሸዋ ትንሽ ጫካ ገዛሁ» ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «መሬት ይሸጣል እንዴ?» አይሸጥም። እኔም መሬት አልገዛሁም። የገዛሁት ዛፍ ነው፤ ያውም በቁሙ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳው። «አንድ ቁራሽ ጫካ በኖረኝ» እያለ የሚመኝ ከተሜ እየበዛ ነው፤ ደላላውም ምኞቱን ነቅቶበታል። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር አለ። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ነገር የራሱ ነው፤ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም ይችላል። ባህር ዛፍ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ገበሬው መሬቱን አይሸጥልህም። ዛፉን ግን ይሸጥልሃል። መሬቱንም ከይዞታው እስካላፈናቀለው ድረስ ሊያከራይህ ይችላል።

ስለዚህ «ጫካ ገዛሁ» ስል ሁለት ነገር አንድ ላይ ማለቴ ነው። የቆመው ዛፍ በሽያጭ፣ የቆመበት መሬት በኪራይ። ደላላ መጥቶ «መሬቱን ራሱን ነው የምሸጥልህ፣ በስጦታ አስመስለን እንዋዋላለን» ካለህ ብርህን ይዘህ ወደ ቤትህ። እንዲህ ተዋውለው ዛሬ ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የደን አዋጁ፣ ማለትም የ2010ሩ ቁጥር 1065፣ የግል ደን የሚባል ነገር መኖሩን በግልጽ ይቀበላል። ሕጋዊው መንገድ እያለ የጓሮ በር ፍለጋ መግባት ለምን ያስፈልጋል?

ቦታው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ኮረብታ ጥግ ላይ ነው። ስፋቱ ሁለት ጥማድ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ እንግዲህ ትንሽነቱን ገምቱት። አገሩ የገብስና የባቄላ፣ የበግና የብርድ አገር ነው። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከተሄደ ደጋው ድንገት ያልቅና የአፋር ቆላ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ጠዋት ከዚያ ገደል የሚወጣው ጉም ጫካው ውስጥ ሲገባ ሦስት ዛፍ አልፎ ያለውን ሰው አታየውም።

ባለ ይዞታው የእናቴ አገር ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ፤ አንዱ ብቻውን ፈርሞ የሚያከራየው ነገር የለም። ይህን የማያውቅ ገዢ ከባልየው ጋር ሲደራደር ከርሞ በመጨረሻ ቀን ዱብ ዕዳ ይወርድበታል። እኛ ስንነጋገር ግን ባለቤታቸው እትዬ ከመጀመሪያው ቀን አጠገባችን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ድርድሩን የያዙት እሳቸው ናቸው።

የቁም ዛፍ ግመታ አይቶ ለማያውቅ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ገማቹ ሜትር አይዝም። በረድፉ መሀል እየሄደ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ጫፉን ያያል፤ ከዚያ ይፈርዳል። «ይሄ ቋሚ ይወጣዋል።» «ይሄ አጣና ነው።» «ይሄ ከማገር አያልፍም።» «ይሄማ ፍልጥ ነው።» ጭራሮና ቅጠሉ ምራቂ ነው። ጋሼ በየዛፉ ይከራከራሉ። ማገር የተባለውን አጣና ለማድረግ የማይሉት ነገር የለም። አንዱን ጠማማ ግንድ «አሁን ነው የተጣመመው፣ በክረምት ይቃናል» ብለው ገማቹን ጨምረው ሁላችንንም አሳቁን።

ዋጋው ካለቀ በኋላ ጋሼ «መቼ ነው የምትቆርጠው?» አሉኝ።

«አልቆርጠውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ልቀመጥበት።»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። «ወንበር ብትገዛ አይሻልም ነበር?»

አልፈረድኩባቸውም። እዚያ አገር ባህር ዛፍ የሚተከለው ለመቆረጥ ነው። ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣት እሱ ነው። ዛሬም በየፎቁ ዙሪያ ተጠላልፎ የምታዩት አጣና ከእንዲህ ያለ ኮረብታ ወርዶ በአይሱዙ የመጣ ነው። ለገበሬው ደግሞ ባንክ ነው። በሬ ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ ሰርግ ሲደርስ አንድ ረድፍ ይሸጣል። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ይደርሳል። ሲቆረጥም አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ይወጣል። ሁለት ሦስቱን ትቶ ሌላውን መመልመል ብቻ ነው፣ እንደገና ጫካ ይሆናል። እንግዲህ ባንክ ያለውን ገንዘቡን ሳያወጣ ሄዶ ቅርንጫፉ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? እነሱ እኔን የሚያዩኝ እንደዚያ ነው።

ነገር ግን «ገበሬ ዛፍ ሥር መቀመጥ አያውቅም» የሚል ከተሜ ካለ ተሳስቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ጥድ ሥር ማን ነው የሚቀመጠው? ሽምግልናው፣ ወሬው፣ የዕድሩ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የቆመ አረንጓዴ ክምር ካያችሁ ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለእነሱ የመቀመጫ ዛፍና የመሸጫ ዛፍ የተለያዩ ናቸው። እኔ የመሸጫውን ለመቀመጫ ማድረጌ ነው ግር ያላቸው።

አለመቁረጥ ራሱም ለሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጋራ መሬቱን በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። አለቃ ይመረጣል፤ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም ለጣሪያው ክዳን፣ ለገመዱ ሣሩን ያጭዳል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ዛሬም ጓሳው አለ፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አለ። የወፍ ዋሻ ደንም እንዲሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር ነው ይባላል። ይህን አንድ ቀን ለጋሼ ስነግራቸው «አዎ፣ እሳቸው ግን ንጉሥ ነበሩ» አሉኝ።

ታዲያ ምን ይደረጋል ጫካ ውስጥ? ብዙ ነገር አይደረግም። ያ ነው ጥሩው። ጠዋት ገብቼ እዞራለሁ። ነጭ ባህር ዛፍ ልጡን በረጅም ጥብጣብ እየላጠ ይጥላል፤ ከሥሩ ያለው ግንድ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ። እጅህን ስታሳርፍበት ነፋሱ ላይ ጫፉ የሚወዛወዘው መዳፍህ ላይ ይታወቅሃል። የለጋው ቅጠልና የትልቁ ቅጠል አንድ ዛፍ አይመስሉም። ለጋው ክብ ቢጤ ነው፣ ብርማ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ሽታው አፍንጫ የሚከፍት። ለጉንፋን የምንታጠነው እሱን ነው። ትልቁ ደግሞ እንደ ማጭድ ቀጭንና ቆልማማ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ለዚህ ነው የባህር ዛፍ ጥላ ጥላ የማይመስለው፤ ፀሐዩ በቅጠሉ መሀል እየሾለከ ይገባል።

ከዚያ እቀመጣለሁ። መጽሐፍ ይዤ እሄድ ነበር፤ ትቻለሁ። ቆቅ ከቁጥቋጦ ስትነሳ ልብ ታስደነግጣለች። ዋኔ ይመጣል። ማታ ማታ ጃርት እንደሚገባ ቆፍሮ ከሚተወው ጉድጓድ አውቃለሁ፤ እሱን ራሱን አላየሁትም። ኔትወርክ ያለው ላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ተመስገን ነው።

ወዳጆቼ «ጎጆ ነገር ቀልስበት» ይሉኛል። አልቀልስም። አንደኛ ውሉ ለዛፍ እንጂ ለቤት አይደለም። ሁለተኛ ጎጆ ከሠራህ ስትጠብቅ የምትኖረው ጎጆውን ነው። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ በሩ ተሰበረ ነው ወሬው። እኔ ሳድር የማድረው እነ ጋሼ ቤት ነው። በቆሎና ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ የገብስ ቆሎና ጠላ ይቀርብልኛል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ደግሞ ወራት ሙሉ ሳላየው የቀረሁበት ጊዜ አለ። ጫካው ምንም አልሆነም። ስልክ እየደወልኩ ስጨነቅ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጥበቃ ቅጠሩ ይላሉ ሰዎች። ጥበቃዎቼ ቅጠል ጠራጊዎቹ ሴቶች ናቸው። በዚያ ደጋ ማገዶ ማለት በአብዛኛው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ እርሻ ላይ ቢወድቅ ማዳበሪያ ነበር። የባህር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ ሲሆን ቦግ ብሎ ምጣዱን ቶሎ ያግለዋል። ስለዚህ ሴቶቹ እየጠረጉ በጆንያ ይወስዳሉ። የገዛሁት ሰሞን አንዷ መጥታ «እንከልከል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለምን ይከለከላሉ? በበጋ ያ ሁሉ ደረቅ ልጥና ቅጠል አንድ ክብሪት የሚጠብቅ እሳት ነው። እነሱ ሲጠርጉት እኔ አተርፋለሁ። ደግሞ መጥረቢያ ይዞ የገባ ሰው ካለ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንት አጣና እንደያዘ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ተስማማን። ላይኛው ግማሽ ይጠረግ፣ ታችኛው ግማሽ ይቅር። እውነት ለመናገር ታችኛውን ያስቀረሁት እንዲሁ ዓይኔን ደስ ስለሚለው ነበር። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ግን ልዩነቱ ለማንም የሚታይ ሆነ። የተጠረገው ጋ ባዶ መሬት ነው፤ ዝናቡ ያጠበው፣ ሥር የወጣበት። ያልተጠረገው ጋ መጀመሪያ ቀጋ መጣ። ከቀጋው እሾህ ሥር ደግሞ፣ በግ የማይደርስበት ቦታ፣ የጣት ቁመት ያላቸው የሐበሻ ጥዶች። የተከላቸው ሰው የለም። ወፍ የጥዱን ፍሬ ደብሩ ላይ በልቶ እዚህ ኩሱን ጥሎ ነው። ባህር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ሲባል ስሰማ ስላደግሁ ተንበርክኬ ነው ያየኋቸው። እንስሳ ካልገባና ቅጠሉ ካልተጠረገ ይበቅላል። በሰው እጅ በተተከሉ ደኖች ሥር አገር በቀል ዛፍ በራሱ እንደሚነሳ የደን ባለሙያዎችም በአገራችን አጥንተው ጽፈዋል።

ከዚያ ወዲህ ነው የጫካው ዓላማ የተለወጠው። ባህር ዛፉ ሞግዚት ይሁን፣ ልጁ ሌላ ነው። በዚያ አገር የችግኝ ገዳዩ ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሜዳ ላይ የተተከለ ለጋ ችግኝ ጠዋት ሄዳችሁ ብታዩት የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ዛፍ ሥር ያለው ግን ቅጠሉ ከላይ ስለሚሸፍነው ይተርፋል። ስለዚህ በራሳቸው የመጡትን እየጠበቅሁ፣ መሀል መሀሉን እየተከልኩበት ነው። ኮሶ እርጥበት ባለበት ጥግ፣ ወይራ ፀሐይ በሚያገኘው ቁልቁለት፣ ጥድ ሁሉም ቦታ።

ችግኝ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። «ጥድ» ብለህ ከጠየቅህ የሚሰጡህ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ለአጥርና ለጣውላ ግሩም ነው። የሐበሻ ጥድ ግን አይደለም። ችግኝ ሆነው ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ዘሩን ከየት እንዳመጡት ጠይቁ፤ ከተቻለ እናት ዛፉን እዩ። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት የሚመስል ጠንካራ እንክብል ነው። የሐበሻው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ነው። ወፍ የሚበላው እሱን ነው። ያለ ወፍ ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ ነገር ሁሉ የለም።

አልቆርጥም ያልኩት ሰውዬ ቆርጬም አውቃለሁ። በሰሜን በኩል ያለው ጎረቤት ገብስ ይዘራል። ከጫካው ጠርዝ እስከ ጥቂት እርምጃ ድረስ ገብሱ ቁመቱ ግማሽ፣ ቀለሙ ቢጫ ነው። የባህር ዛፍ ሥር ውኃውን ይሻማዋል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ለዓመታት ለጋሼም አልተናገረም። ለኔም የተናገረው በዘወርዋራ ነው። «ያንተ ዛፍ ገብስ ይወዳል ልበል?» አለኝ። ጠርዙ ላይ የነበሩትን ረድፎች ሸጥኩ። ለመጫኛው ከወረዳ ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ፤ ያለ ወረቀት ኬላ አያልፍም። ከዚያ በጫካውና በእርሻው መሀል ጥልቅ ቦይ አስቆፈርን፤ ሥሩ እንዳይሻገር። ገንዘቡ ለቆፋሪዎቹና ለችግኙ ተርፎ ነበር። ያን ሰሞን እትዬ «አሁን ነው ሰው የሆንከው» አሉኝ።

ጣጣው የመጣው ውሉን ስናድስ ነው። ጋሼ ነገር ማብላላት ያውቃሉ። «ባህር ዛፉ ያንተ ነው፣ ገዝተኸዋል። መሬቱ የኔ ነው። አንተ የተከልከው ጥድስ? ወፍ የተከለውስ የማን ነው?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በሕጉ በገንዘቤ የተከልኩት የኔ ነው ብዬ መከራከር እችላለሁ። ግን ጥድ ከባህር ዛፍ ጋር አይተካከልም፤ ዕድሜ ይጠይቃል። የኪራይ ዘመኔ ሲያልቅ አብዛኞቹ ገና ከማገር አያልፉም። ነቅዬ ልወስዳቸው ነው? የ1986ቱ የደን አዋጅ እኮ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠርቶ ከልክሎ ነበር። ተቀምጠን ተነጋገርን። ዘመኑ ሲያልቅ ባህር ዛፉን ሸጬ እወጣለሁ። አገር በቀሉ ሁሉ፣ እኔም የተከልኩት ወፍም የተከለው፣ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ደብተሩን ለምትወርሰው ልጃቸው ይሆናል። እስከዚያ ግን ማንም አይነካውም።

የመሬት ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ «እንዲህ ያለ አንቀጽ ፎርሙ ላይ የለም» አለን። ቢሆንም ትሑት ነበር። ከታች ባለው ክፍት ቦታ በእጁ ጻፈልን። «አገር በቀል ዛፎችን መቁረጥ ለሁለቱም ወገን ክልክል ነው» ብሎ ሲያነብ እትዬ እጃቸውን አነሱ።

«ወይራዬንስ? የወተት ዕቃ በምን ልጠን ነው?»

ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ጋሼን። ጋሼ ጣሪያ አዩ። በመጨረሻ «የወይራ ቅርንጫፍ ለቤት ፍጆታ መቁረጥ ይፈቀዳል፤ ግንድ አይነካም» ተብሎ ተጨመረ። እትዬ አሁንም እስክሪብቶውን አልተቀበሉም። ቅርንጫፍ የሚባለው እስከ ምን ድረስ የወፈረው እንደሆነ ይጻፍ አሉ። ልጁ ስንት ሴንቲ ሜትር ልበል ብሎ ጠየቃቸው። አውራ ጣታቸውን አሳዩት። «በዚህ ልክ» በል አሉት፤ እሱም «የአውራ ጣት ውፍረት» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ።